ኖዱሉ ሲቆረጥ ቀይ ነው? የጥራጥሬ ሥር ናይትሮጅን እንዲሠራ የማድረጊያ መመሪያ

«ጥራጥሬ መሬት ያዳብራል» ይባላል። ውሸት አይደለም፤ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ቅድመ ሁኔታው ደግሞ ከመሬት በታች ስለሆነ ብዙ ሰው አያየውም። ናይትሮጅንን ከአየር የሚይዘው ባቄላው ወይም አኩሪ አተሩ ራሱ አይደለም። የሚይዙት ሥሩ ላይ በሚወጡት ትንንሽ እባጮች፣ ማለትም በኖዱሎቹ ውስጥ የሚኖሩት ራይዞቢየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱ ከሌሉ፣ ኖረውም ለሰብሉ የማይስማሙ ከሆነ፣ ወይም አፈሩ ካልተመቻቸው፣ ጥራጥሬውም እንደ ስንዴና እንደ በቆሎ አፈር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን እየወሰደ ያድጋል። ፍሬው ተሰብስቦ ሲሄድ መሬቱ ከነበረው ያነሰ ይዞ ይቀራል።

ስለዚህ ሰብሉ ጥራጥሬ ነው ብሎ መተማመን አይበቃም። ቆፍሮ፣ ኖዱሉን ቆርጦ፣ የውስጡን ቀለም ማየት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ያ ቀለም ቀይ እንዲሆን የሚደረግ ዝግጅትና ቀይ ካልሆነ የሚወሰድ እርምጃ ነው። መሣሪያው ቀላል ነው፦ አካፋ፣ አንድ ባልዲ ውኃ፣ ወንፊት፣ ምላጭ፣ ነጭ ሳህን፣ ማስታወሻ ደብተር።

አስቀድሞ፦ ኖዱሉ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ተክል ግን በቀጥታ ሊጠቀምበት አይችልም፤ ሁለቱ የናይትሮጅን አተሞች እጅግ ጠንካራ በሆነ ሦስትዮሽ ትስስር ስለተቆላለፉ ነው። የማዳበሪያ ፋብሪካዎች ይህን ለመፍታት ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና ከተለመደው የአየር ግፊት ከመቶ እጥፍ በላይ የሆነ ግፊት ይጠቀማሉ። ኖዱሉ ይህንኑ ሥራ በአፈሩ ሙቀት ይሠራዋል። ሠራተኛው ናይትሮጂኔዝ የሚባል ኢንዛይም ነው፤ በውስጡ ብረትና ሞሊብደንየም የሚባል ማዕድን አለ።

ሥራው በነጻ አይሠራም። አንድ የናይትሮጅን ሞለኪውል ወደ ሁለት አሞኒያ ለመለወጥ ቢያንስ 16 ኤቲፒ (ሴሎች ጉልበት የሚያገኙበት ሞለኪውል) ይፈጃል፤ ጉልበቱ የሚመጣው ቅጠሉ ከሚያመርተው ስኳር ነው። ውኃ የተጠማ፣ አረም የዋጠው ወይም ተባይ ቅጠሉን የበላው ተክል ጥሩ ባክቴሪያ ቢኖረውም ብዙ ናይትሮጅን የማይይዘው በዚህ ምክንያት ነው። ሰዎች ኖዱል ሲሉ ሥሩን ብቻ ያስባሉ፤ እኔ ግን ቅጠሉ የተጎዳ ማሳ ላይ ስለ ባክቴሪያ ማውራት ከጅራት መጀመር ይመስለኛል።

ሌላም ችግር አለ። ናይትሮጂኔዝ ኦክሲጅን ሲነካው ይበላሻል፤ ባክቴሪያው ግን ለመተንፈስ ኦክሲጅን ያስፈልገዋል። ተክሉ ሁለቱን የሚያስታርቀው ሌግሄሞግሎቢን በተባለ ፕሮቲን ነው። የደማችን ሄሞግሎቢን ዘመድ ነው፤ ብረት አለው፤ ቀይ ነው። ኦክሲጅኑን ይዞ ለባክቴሪያዎቹ ያደርሳል፤ ሳይያዝ የሚቀረው ነጻ ኦክሲጅን እጅግ ጥቂት እንዲሆን ያደርጋል። ኖዱሉ ሲቆረጥ መቅላቱ የሥራ ምልክት የሆነውም ለዚህ ነው፤ ናይትሮጅን የማይይዝ ኖዱል ይህን ቀለም እምብዛም አያሳይም።

አፈጣጠሩን በአጭሩ እንይ። ሥሩ ፍላቮኖይድ የሚባሉ ውሑዶችን ወደ አፈሩ ይለቃል። የሚስማማው ባክቴሪያ ይህን ሲያገኝ ኖድ ፋክተር የተባለ የኬሚካል ምላሽ ይሰጣል። ያን ጊዜ ቀጭኑ የሥር ጸጉር ይጠቀለላል፣ ባክቴሪያዎቹም በዚያ በኩል ገብተው በቀጭን መተላለፊያ ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ፤ የሥሩ ሴሎች ተባዝተው እባጩን ይሠራሉ። ለውዝ ከዚህ ይለያል። ባክቴሪያው የሚገባው የጎን ሥር ሰንጥቆ በሚወጣበት ቦታ ስለሆነ፣ የለውዝን ኖዱል የሚፈልግ ሰው በሥሮቹ መገናኛ ላይ ነው ማየት ያለበት። ጥራጥሬ ናይትሮጅንን ከአየር የሚያገኘው በኖዱሉ በኩል መሆኑን ጀርመናውያኑ ሄርማን ሄልሪገልና ሄርማን ቪልፋርት እ.ኤ.አ. በ1886 አስታወቁ፤ ባክቴሪያውን ለይቶ ያራባው ደግሞ ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ቤየሪንክ በ1888 ነው።

1. ሰብሉንና ባክቴሪያውን ማጣመር

ሁሉም ራይዞቢየም ለሁሉም ጥራጥሬ አይሆንም። አተር፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ጓያና ቬች አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ለአንዱ የሚሆነው ባክቴሪያ፣ ራይዞቢየም ሌጉሚኖሳረም፣ በአብዛኛው ለሌላውም ይሆናል። ሽምብራ ግን የራሱ ሜሶራይዞቢየም አለው፤ ለአተር የተዘጋጀውን ሽምብራ ላይ ማድረግ ድካም ብቻ ነው። አኩሪ አተር ብራዲራይዞቢየም ጃፖኒከምንና የቅርብ ዘመዶቹን ይፈልጋል። አልፋልፋና አብሽ ሲኖራይዞቢየም ሜሊሎቲን ይጋራሉ። ግብጦም የራሱ አለው። ለውዝና ማሾ ብዙም አይመርጡም፤ በሞቃት አገር አፈር ውስጥ በስፋት ከሚገኙ የብራዲራይዞቢየም ዓይነቶች ጋር ይግባባሉ። ቦሎቄም መራጭ አይደለም፤ ችግሩ ከብዙዎቹ ጋር ኖዱል እየሠራ ከጥቂቶቹ ጋር ብቻ በቂ ናይትሮጅን መያዙ ነው። ከዋና ዋናዎቹ ጥራጥሬዎች ሁሉ በዚህ ሥራ ደካማ የሚባለውም እሱ ነው።

ከጥራጥሬ ወገን ሆነውም ኖዱል ጭራሽ የማያወጡ ተክሎች አሉ፤ ሰናና የካሮብ ዛፍ ለምሳሌ። ናይትሮጅን ይይዛል ተብሎ ለአጥር ወይም ለጥላ የሚተከል ዛፍ ካለ አስቀድመው ያጣሩ።

2. ባክቴሪያ መጨመር ያስፈልጋል ወይ?

ሰብሉ በዚያ ማሳ ተዘርቶ የማያውቅ ከሆነ፣ ወይም ከተዘራ አራትና አምስት ዓመት ካለፈው፣ ወይም አፈሩ አሲዳማ ከሆነ፣ ወይም ማሳው ለረጅም ጊዜ ውኃ ተኝቶበት ከነበረ፣ ይጨምሩ። አኩሪ አተር ለመጀመሪያ ጊዜ በሚዘራበት ቦታ ጥያቄም የለውም፤ የትውልድ ቦታው ምሥራቅ እስያ ስለሆነ ባክቴሪያው በሌላው ዓለም አፈር ውስጥ በተፈጥሮ አይገኝም፤ ሰው ነው ይዞት የሚመጣው።

እርግጠኛ ካልሆኑ ከመዝራትዎ በፊት በማሰሮ ይሞክሩት። ከማሳው የተለያዩ ቦታዎች ከላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር አፈር ወስደው ያደባልቁና ቢያንስ ዘጠኝ ማሰሮ ይሙሉ። ሦስቱ ምንም አይጨመርባቸው። ሦስቱ ኢኖኩላንት (ታሽጎ የሚሸጥ ሕያው ባክቴሪያ) የተለወሰ ዘር ይዘራባቸው። ሦስቱ ባክቴሪያ ሳይነካቸው ጥቂት ዩሪያ በውኃ ተሟሙቶ ይሰጣቸው። ቅደም ተከተሉ ላይ ይጠንቀቁ፤ ባክቴሪያ የማይነካቸውን ስድስቱን መጀመሪያ ይዝሩ፣ ከዚያ ነው ኢኖኩላንቱን መክፈት። በኢኖኩላንት የተነካ እጅ ወይም ውኃ ወደ ባዶዎቹ ከተሻገረ ሙከራው ከንቱ ነው።

ከአምስትና ስድስት ሳምንት በኋላ ሦስቱን ወገን ጎን ለጎን ያቁሙ። ባዶው ቢጫ ሆኖ ሁለቱ ከለመለሙ አፈሩ ባክቴሪያ የለውም፣ ኢኖኩላንቱም ይሠራል፤ ይጠቀሙበት። ባዶውም ኢኖኩላንት የገባበትም ቢጫ ሆነው ዩሪያ ያገኘው ብቻ ከለመለመ፣ ወይ ኢኖኩላንቱ ሞቷል ወይ አፈሩ ባክቴሪያውን እያሠራው አይደለም። ሦስቱም ከለመለሙ ሥሩን አጥበው ይመልከቱ። ባዶው ላይ ቀያይ ኖዱል ካለ የአፈሩ ባክቴሪያ በቂ ነው፤ ኖዱል ከሌለ አፈሩ ራሱ ናይትሮጅን ጠግቧል። ሦስቱም ከቀጨጩ ደግሞ የጎደለው ናይትሮጅን አይደለም፤ ፎስፎረሱንና አሲዳማነቱን ይመርምሩ።

3. ኢኖኩላንቱን መምረጥና መጠበቅ

ኢኖኩላንት ወይም ሕያው ማዳበሪያ የሚባለው በደቀቀ ፒት (ከበሰበሰ ተክል የሆነ ጥቁር አፈር) ወይም በፈሳሽ ውስጥ የታሸገ ሕያው ባክቴሪያ ነው። ጥሩ የሚባለው በአንድ ግራም ውስጥ አንድ ቢሊዮን ያህል ሕያው ባክቴሪያ ይይዛል። እሽጉ ላይ የሰብሉን ስምና የሚያበቃበትን ቀን ያንብቡ። ከዚያ የሚበልጠው ግን የት ተቀምጦ እንደነበረ ነው። በፀሐይ ላይ፣ በተዘጋ መኪና ውስጥ ወይም ከጸረ አረም ጋር የተቀመጠ እሽግ ቀኑ ባያልፍም ባዶ ከረጢት ሊሆን ይችላል። በ4 ዲግሪ አካባቢ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ጥሩ ነው፤ ወደ በረዶነት እንዲቀየር ግን አይተዉት። ማቀዝቀዣ ከሌለ ጥላ ያለበት ቀዝቃዛ ቦታ ይሁን፣ ግዢውም ወደ መዝሪያው ቀን ይጠጋ። የተከፈተውን በዚያው ቀን ይጨርሱት።

4. ዘሩን መለወስ

100 ግራም ስኳር በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ያሟሙ። ስኳሩ ማጣበቂያ ነው፤ ባክቴሪያውንም ከመድረቅ በመጠኑ ይጠብቀዋል። ክሎሪን የገባበት የቧንቧ ውኃ ብቻ ካለ አፉ በሰፋ ዕቃ ክፍቱን አሳድረው ይጠቀሙ።

ጥላ ውስጥ ሆነው ዘሩን ላስቲክ ላይ ወይም ሰፊ ገበታ ላይ ያፍስሱ። ለ1 ኪሎ ዘር 20 ሚሊ ሊትር ያህል የስኳር ውኃ ረጭተው በእጅ ያገላብጡ። ዘሩ ሁሉ እርጥበት ይንካው እንጂ ከሥር ውኃ አይጠራቀም። አኩሪ አተር ላይ በተለይ ይቆጥቡ፤ ቆዳው ስስ ስለሆነ ውኃ ሲበዛበት ይሸበሸብና ይላጣል። ከዚያ ኢኖኩላንቱን ይነስንሱ። ለ1 ኪሎ ዘር 10 ግራም የተለመደ ነው፤ እሽጉ ሌላ መጠን ካዘዘ ግን የእሽጉን ይከተሉ። እያንዳንዱ ፍሬ ዙሪያውን ጠቁሮ፣ ጥቁሩ ጣት ላይ ብዙ ሳይቀር፣ ፍሬዎቹም ሳይጓጎሉ ከተለያዩ ልክ ነው። ከተጓጎለ ውኃ በዝቷል፤ ዱቄቱ ገበታው ላይ ከቀረ ውኃ አንሷል።

እዚያው ጥላ ውስጥ ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት ካጠፈፉ በኋላ ወዲያው ይዝሩ። ፀሐይ አይንካው። በሰዓታት ውስጥ ካልተዘራ ባክቴሪያው በፍጥነት ይሞታል፤ ካደረ እንደገና መለወስ ይሻላል። ግቡ ዘሩ አፈር ሲገባ እንደ አኩሪ አተር ያለ ትልቅ ፍሬ ላይ 100,000፣ እንደ አልፋልፋ ያለ ትንሽ ፍሬ ላይ 1,000 ሕያው ባክቴሪያ መኖር ነው። ቁጥሩን ማሳ ላይ የሚቆጥር የለም፤ ግን በግማሽ ቀን ፀሐይ ምን ያህሉ እንደሚጠፋ ማሰብ ይረዳል።

በፈንገስ መድኃኒት የታሸ ዘር ካለዎት ኢኖኩላንቱን ዘሩ ላይ አይለውሱት። መዳብ ያለባቸውና ሌሎችም ብዙ የዘር መድኃኒቶች ባክቴሪያውን ይገድሉታል። ኢኖኩላንቱን ከእርጥብ አሸዋ ወይም ከአፈር ጋር ደባልቀው ከዘሩ ሥር በፈሩ ውስጥ መጨመር ይችላሉ። ከማዳበሪያ ጋርም በአንድ ዕቃ አይደባለቅ።

5. አፈሩን ማዘጋጀት

አብዛኞቹ ጥራጥሬዎችና ባክቴሪያዎቻቸው የአፈር ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ6 እስከ 7 ሲሆን ይመቻቸዋል። ከ5.5 ሲወርድ አልሙኒየም ሥሩን ማቃጠል ይጀምራል፤ ባክቴሪያውም ይቀንሳል፤ ሥሩና ባክቴሪያው የሚለዋወጡት የኬሚካል ምልክትም ይደክማል። ሁሉም እኩል አይጎዱም፤ የአልፋልፋ ባክቴሪያ አሲድ ጭራሽ አይችልም፣ የግብጦ ግን ይቋቋማል። መፍትሔው ኖራ ነው። ኖራ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቢቻል ከመዝራቱ ወራት ቀደም ብሎ በአፈር ምርመራ በታዘዘው መጠን ተበትኖ ከአፈሩ ጋር ይደባለቅ። ሌላም ጥቅም አለው፦ አሲዳማ አፈር ሞሊብደንየምን አጥብቆ ይይዛል፣ ኖራ ይለቀዋል። ሞሊብደንየም የሚፈለገው በጥቂቱ ነው፤ ግን ያለ እሱ ናይትሮጂኔዝ አይሠራም። ኮባልትም በጣም በትንሹ ያስፈልጋል፤ ባክቴሪያው ቫይታሚን ቢ12 የሚሠራው በእሱ ነው።

ፎስፎረስ ላይ ግን አይሰስቱ። ኖዱል ጉልበት የሚበላ ክፍል ስለሆነ ፎስፎረስ ያነሰው ተክል ጥቂትና ትንንሽ ኖዱል ነው የሚያወጣው። ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ፣ ኢኖኩላንትና ፎስፎረስ አብረው ቢገዙ ከዩሪያ ይሻላሉ ባይ ነኝ።

የናይትሮጅን ማዳበሪያ ነገር ብዙ ሰው የሚስትበት ቦታ ነው። አፈሩ ውስጥ ናይትሬት (ተክል በሥሩ የሚወስደው ናይትሮጅን) ሲበዛ ተክሉ ኖዱል ለመሥራት ጉልበት ማውጣቱን ይተዋል፤ የጀመረውንም ያቆማል። እጅግ ደሃ በሆነ አፈር ላይ ኖዱሉ እስኪደርስ መነሻ እንዲሆን በሄክታር ከ10 እስከ 20 ኪሎ ናይትሮጅን ቢሰጥ ብዙ አይጎዳም። ከዚያ በላይ የሆነው በአየር የሚገኘውን በገንዘብ መተካት ነው። ብዙ ፍግ የገባበት ማሳም እንደዚያው ነው፤ ሰብሉ ለምልሞ ሥሩ ባዶ ይሆናል።

6. መዝራት

አፈሩ ረጥቦ ይጠብቅ። ዘሩ ወዲያው ይሸፈን። ማዳበሪያው ከዘሩ በጎን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። ማሳው ላይ ጥቂት መስመር ኢኖኩላንት ሳይነካው ይዝሩና ምልክት ያድርጉበት፤ በኋላ የሚያወዳድሩት ከሱ ጋር ነው።

7. ቆፍሮ ማየት

ትንንሽ ኖዱሎች ከበቀለ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ይታያሉ። ያን ጊዜ የሚታየው መጀመሩ ብቻ ነው። ፍርድ የሚሰጠው ሰብሉ ማበብ ሲጀምር ነው፤ በአብዛኞቹ ጥራጥሬዎች ላይ ሥራው ከፍ የሚለው ከአበባ እስከ ቆባ መያዣ ባለው ጊዜ ነው።

ከማሳው አንድ ጥግ ብቻ አይውሰዱ፤ ዞር ዞር እያሉ አሥር ተክል ይምረጡ፣ የከሳውንም የወፈረውንም። አይንቀሉ! ሲነቀል ኖዱሉ አፈር ውስጥ ይቀርና «ምንም የለውም» ያሰኛል። ከግንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ርቀው በአራቱም ወገን አካፋውን እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ያስገቡና ሥሩን ከነአፈሩ ያንሱ። ባልዲው ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው አፈሩ እስኪላላ ይተዉት፤ ሸክላማ አፈር ከሆነ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። ከዚያ ሳይቦጭቁ ቀስ ብለው ያወዛውዙት። ውኃውን በወንፊት ያጥሉት፤ ተበጥሰው የወደቁ ኖዱሎች እዚያ ይገኛሉ።

ሥሩን ነጭ ሳህን ላይ ዘርግተው መጀመሪያ ቦታቸውን ይዩ። ኖዱሎቹ በዋናው ሥር ላይ፣ ከግንዱ ሥር አጠገብ ተሰብስበው ከሆነ ዘሩ ላይ የተለወሰው ባክቴሪያ ሠርቷል ማለት ነው። በጎን ሥሮች ላይ ተበታትነው ከሆነ የአፈሩ ባክቴሪያ ነው የሠራው። ሁለቱም ጥሩ ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ውሳኔ ግን ልዩነቱን መዝግቡት።

ቅርጻቸው እንደ ሰብሉ ነው። የአኩሪ አተር፣ የቦሎቄና የለውዝ ኖዱል ክብ ነው። የባቄላ፣ የአተር፣ የምስርና የአልፋልፋ ረዘም ይላል፤ አንዳንዴም ጫፉ እንደ ጣት ይከፋፈላል። የግብጦ ደግሞ ሥሩን ዙሪያውን ስለሚያቅፍ በሽታ ሊመስል ይችላል። እውነተኛው በሽታ ኔማቶድ የሚባሉ ጥቃቅን ትሎች ሥሩ ላይ የሚያመጡት እብጠት ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ኖዱል ሥሩ ጎን ላይ የተለጠፈ ስለሆነ በጥፍር ሲገፋ ይላቀቃል፤ የኔማቶድ እብጠት ግን ሥሩ ራሱ ነው ያበጠው፣ ሥሩ ካልተሰበረ አይወጣም፤ ሲቆረጥም አይቀላም።

አሁን ምላጩን ያንሱ። ከእያንዳንዱ ተክል አምስት ስድስት ኖዱል መሐሉን ይሰንጥቁና ወዲያው ይመልከቱ፤ አየር ላይ ሲቆይ ቀለሙ ወደ ቡናማ ስለሚሄድ ተቆርጦ የቆየውን አይፍረዱበት። የአኩሪ አተር ኖዱል ዙሪያው ስስ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ውስጡ በሙሉ ቀይ ነው። የባቄላ ኖዱል ርዝመቱን ተከትሎ ሲሰነጠቅ የበለጠ ይናገራል፦ ጫፉ ላይ ገና የሚያድገው ነጭ ነው፣ መሐሉ ሥራ ላይ ያለው ሮዝ ወይም ቀይ ነው፣ ወደ ሥሩ የተጠጋው ያረጀው ክፍል አረንጓዴ ነው። አንድ ኖዱል ላይ ልጅነት፣ ጉልምስናና እርጅና በመስመር ተቀምጠው ይታያሉ። ቀዩ ክፍል ሰፊ ከሆነ ኖዱሉ በሥራ ላይ ነው። ምላጭ ከሌለ በሁለት ጥፍር ይጨፍልቁት፤ የሚሠራው ጥፍሩን ቀይ አድርጎ ይነክረዋል።

ቁጥሩ ብዙ አያስጨንቅዎ። ማበቢያ ላይ የደረሰ አኩሪ አተር ከ8 እስከ 20 ደህና ደህና ኖዱል ካለው ይበቃዋል። ጥቂትና ትልልቅ ቀያይ፣ ከብዙ ነጫጭ ፍንጥቅጣቂ ይሻላል።

8. ያዩትን መተርጎም

ኖዱል የለም፣ ቅጠሉም ቢጫ ነው፦ ባክቴሪያው የለም ወይም ሞቷል። ወቅቱ ካለፈ ኢኖኩላንት መርጨት እምብዛም አያድነውም፤ የዘንድሮውን ሰብል በናይትሮጅን ማዳበሪያ ይደግፉ፤ ለሚቀጥለው ፒኤቹን አስመርምረው በአዲስ ኢኖኩላንት ይዝሩ።

ኖዱል የለም፣ ቅጠሉ ግን ጥቁር አረንጓዴ ነው፦ አፈሩ ናይትሮጅን በዝቶበታል። ምንም አያድርጉ፤ በሚቀጥለው ዓመት እዚያ ማሳ ላይ ናይትሮጅን የሚወድ ሰብል ይዝሩ፣ ጥራጥሬውን ለደሃው ማሳ ያስቀሩት።

ብዙ ትንንሽ ነጭ ኖዱል፦ ገና ልጆች ሊሆኑ ስለሚችሉ ከአሥር ቀን በኋላ እንደገና ይቆፍሩ። ያኔም ነጭ ከሆኑ ሥሩ ላይ የገባው ባክቴሪያ ሰነፍ ዝርያ ነው፤ ቤት ይዞ፣ ስኳር እየበላ ናይትሮጅን አይሰጥም። ይህ ከሁሉ አስቸጋሪው ነው፤ የአፈሩ ሰነፍ ባክቴሪያ ብዙ ከሆነ አዲሱን ገፍቶ ቦታውን ይይዛል። ያለዎት አማራጭ ጥሩውን ዝርያ በብዛትና ከዘሩ ጋር አጣብቆ ማስገባት ነው። የሞሊብደንየም እጥረትም ተመሳሳይ መልክ ሊያሳይ ስለሚችል አሲዳማ አፈር ላይ ሁለቱንም ያስቡ።

አረንጓዴ፣ ግራጫ ወይም ቡናማ፦ ፍሬው እየሞላ ከሆነ እርጅና ነው፤ ተክሉ ስኳሩን ወደ ፍሬው ስላዞረ ኖዱሉ ይተዋል። ከአበባ በፊት ከታየ ግን ተክሉ ተጎድቷል። ድርቅ ነው ወይስ ውኃ የተኛበት? በውኃ የተጨናነቀ አፈር ውስጥ ለኖዱሉ አየር አይደርሰውም፤ ውኃው እንዲወርድ ቦይ ይክፈቱ። ታጭዶ የሚያቆጠቁጥ አልፋልፋ ላይም ከአጨዳ በኋላ ሥራው ለጊዜው ይወድቃል፤ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ይመለሳል።

ኖዱሉ ቀይ፣ ተክሉ ግን ቢጫ፦ ችግሩ ሌላ ነው። አዲሶቹ ቅጠሎች ከቢጫነታቸው ጋር ደም ሥራቸው አረንጓዴ ከሆነ ብረትን፣ አዲሶቹ ቅጠሎች በእኩል ከገረጡ ደግሞ ሰልፈርን ይጠርጥሩ።

9. ምን ያህል ተያዘ፣ ምን ያህል ለመሬቱ ቀረ?

ግምቱ አስቸጋሪ አይደለም። በደንብ የሚሠራ ጥራጥሬ ከመሬት በላይ ባለው በእያንዳንዱ ቶን ደረቅ አካሉ 20 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ከአየር ይይዛል፤ ከ15 እስከ 25 ይዋዥቃል፣ ቦሎቄ ዝቅ ይላል። ቆባው መሙላት ሲጀምር ከ1 ካሬ ሜትር ላይ ያለውን ከመሬት አጠገብ ያጭዱ፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ያድርቁ፣ ይመዝኑ። 500 ግራም ቢመዝን በሄክታር 5 ቶን ነው፤ በ20 ሲባዛ 100 ኪሎ ናይትሮጅን ይሆናል።

አሁን የሚወጣውን ያስቡ። የአኩሪ አተር ፍሬ 6 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው፤ በሄክታር 2 ቶን ፍሬ ሲሸጥ 120 ኪሎ ናይትሮጅን አብሮ ሄደ። የባቄላ ፍሬ 4 በመቶ ያህል ነው፤ ያው 2 ቶን 80 ኪሎ ይወስዳል። በዚህ ስሌት ባቄላው ለመሬቱ 20 ኪሎና በሥሩ ያለውን ሲተው፣ አኩሪ አተሩ ከያዘው በላይ ወስዷል። ያም ሆኖ ቀጥሎ የሚዘራው በቆሎ የተሻለ ሊበቅል ይችላል፤ አኩሪ አተሩ ራሱን በከፊል ከአየር ስለቀለበ በቆሎ በበቆሎ ላይ ከሚዘራበት ያነሰ ነው አፈሩን ያራቆተው። ገለባው ከማሳው ከወጣ ግን ሒሳቡ ይበልጥ ይከፋል፤ ለከብት ከሄደም ፍጉ ይመለስ።

ጥራጥሬው በሕይወት እያለ ለጎረቤቱ ሰብል የሚለቀው ናይትሮጅን ጥቂት ነው። ዋናው የሚለቀቀው ሥሩና ቅጠሉ ሲበሰብስ ነው። ስለዚህ ሲሰበሰብ አይነቀል፤ በማጭድ ከመሬት አጠገብ ይቆረጥና ሥሩ ከነኖዱሉ አፈር ውስጥ ይቅር። ለውዝ መነቀሉ ግድ ነው፤ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ግንዱንና ቅጠሉን ማሳው ላይ መልሰው ይበትኑ። ፍሬ ሳይፈለግ ለአረንጓዴ ማዳበሪያ ብቻ የተዘራ ከሆነ ከአበባ እስከ መጀመሪያው ቆባ ባለው ጊዜ፣ ግንዱ ሳይጠነክር፣ ከአፈሩ ጋር ይገለበጥ፤ ቀጣዩ ዘር ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ይግባ።